ላምባ የጠጣው መቀርቀሪያ

እኔ ባደግኩበት ቤት የግል የሚባል ነገር አልነበረም። ከእናትና አባቴ ጋር ዘጠኝ ነበርን፤ ብርድ ልብሱ ለሦስት፣ ትሪው ለሁላችን፣ ጫማውም ከታላቅ ወደ ታናሽ እየወረደ እኔ ዘንድ ሲደርስ የወንድሞቼን እግር ቅርፅ ይዞ ነው። ማታ ወንድሜ በሕልሙ ኳስ ሲመታ ኳሱ የሚያርፈው እኔ ጎድን ላይ ነበር። ጎረቤት ቡና ሲቆላ ጭሱ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ገብቶ እኛን ያጥነናል፤ እናቴ "ቡና ጠጡ" ብላ ስትጣራ ደግሞ ግማሹ መንደር ነጠላውን እያጣፋ ይመጣል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ፣ ከአስፋልቱ እጥፍ ብሎ በሚገባው ኮረኮንች ላይ የተደረደሩት ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ፤ በር የሚዘጋው ለጅብና ለብርድ እንጂ ለሰው አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሞቅታ መሃል ግን እኔ አንድ የግሌ ነገር ነበረችኝ። እሷም ጎህ ሲቀድ ያለችው መንገድ ናት።

ነገሩ የጀመረው በ1972 ዓ.ም. ክረምት፣ ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በሮጠ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ ራዲዮኑን ከስኳሩ ጆንያ በላይ ሰቅሎት፣ የደከመውን ባትሪ ድንጋይ ሐምሌ ላይ የሚያሰጣበት ፀሐይ ስላልነበረ ከከሰል ምድጃው ዳር እያሞቀ ሲያኖረው ትዝ ይለኛል። ሐምሌ 20 ቀን 10 ሺህ ሜትሩን፣ በአምስተኛው ቀን ደግሞ 5 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ ሱቁ በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ዝናቡን ረስቶት ነበር። ምሩጽ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከሰው መሃል ሆኖ፣ ጊዜው ሲደርስ ተፈትልኮ ይወጣል፤ ማርሽ ቀያሪው የተባለውም ለዚሁ ነው። በማግስቱ የመንደራችን ልጅ በሙሉ ቁምጣውን ታጥቆ ጭቃው ላይ ወጣ። ሁላችንም ምሩጽ ሆንን፤ ሁለተኛ የወጣውን ፊንላንዳዊ የሚሆን ልጅ ግን ከየት ይምጣ! ማርሽ የሚቀየረውም ገና ከመነሻው ስለነበረ፣ ሁለት ዙር ሳንሞላ በየአጥሩ ሥር ሆዳችንን ይዘን እንቆማለን።

በሳምንቱ ግማሹን ጉንፋን አስቀረው። በሁለተኛው ሳምንት አምስት ሆንን፤ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁለት። አንድ ማለዳ ያ አንዱ ጓደኛዬም ሳይመጣ ቀረ። ከስልክ እንጨቱ ሥር ቆሜ ጠበቅኩት፤ ብርዱ በቁምጣዬ ገብቶ ጥርሴን አንገጫገጨው። ወደ ቤት ልመለስ ብዬ ዞር ስል እግሬ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ይዞኝ ሄደ። የሚቀድመኝ የለም፣ የምቀድመው የለም። ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሁለቴ ይስባል፣ ሁለቴ ያስወጣል፣ ከእግሬ ጋር እኩል ይሄዳል። የራሴ ትንፋሽ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌሎች ስምንት ሰዎች ትንፋሽ ጋር ተደባልቆ የኖረ ትንፋሽ፣ ያን ቀን ለብቻው ወጥቶ "እኔ እዚህ አለሁ" አለኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሰው በስሙ ሲጠሩት እንደሚደሰተው ዓይነት ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ከስልክ እንጨቱ ሥር ቆሜ ማንንም አልጠበቅኩም።

መውጣቱ ራሱ ጥበብ ይጠይቅ ነበር። ሰዓት እላፊው ሳይነሳ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አይታሰብም፤ ውስጥ ደግሞ የስምንት ሰው እንቅልፍ አለ። ከወንድሞቼ መሃል እንደ ክር ተስቤ እወጣና፣ ብርዱ እንዳይገባባቸው ብርድ ልብሱን እኔ በነበርኩበት ቦታ ጠቅጠቅ አደርገዋለሁ። እንስራው የት እንደተቀመጠ፣ በርጩማው ወዴት እንደዞረ በቃሌ አውቀዋለሁ። ችግሩ መቀርቀሪያው ነበር። አባቴ በእጁ የጠረበው የወይራ እንጨት ነው፤ በስንት ዓመት መዳፍ ተወልውሎ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል፤ ሲስቡት ግን ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮኻል። ሁለት ሦስት ቀን ቤቱን ከቀሰቀስኩ በኋላ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ከኩራዙ ጥቂት ላምባ በጨርቅ ነክሬ፣ እንጨቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ዙሪያውን ቀባሁት። ጠዋት ስስበው ትንፍሽ አላለም። ዛሬም የላምባ ሽታ ሲሸተኝ የሚታየኝ ኩራዝ ወይም የቡታ ጋዝ ምድጃ አይደለም፤ በበር ስንጥቅ የሚገባ ሰማያዊ ጎህና መንገድ ነው።

አስፋልቱን ስይዝ መጀመሪያ የሚቀበለኝ የአንበሶቹ ድምፅ ነበር። ከታች ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ ያሉት አንበሶች በጨለማው ያገሳሉ፤ የሰፈሩ ሰው እንደ ዶሮ ጩኸት ስለለመደው አይነቃም፤ ውጭ ላይ ብቻውን ለቆመ ልጅ ግን አጥንቱ ውስጥ ይገባል። እነሱን ከኋላዬ ትቼ ዳገቱን ስጀምር ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔዎቹ ነቅተዋል። በየደጁ ስንጥቅ የኩራዝ ብርሃን ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል፤ እነሱም እግራቸውን ከጉድጓዱ ከትተው፣ ከታች እየረገጡ ከላይ ይወረውራሉ። መወርወሪያው ሲሄድ ጠቅ፣ ሲመለስ ጠቅ። እግሬ ሳያስበው ምታቸውን ይቀበላል፤ ከአንዱ ቤት ጥሩ ምት ይዤ፣ ያ ሳይጠፋ ከሌላው እቀበላለሁ። ብቻዬን ነኝ እያልኩ ለካ ሰፈሩ በሙሉ እየሸመነ ያስሮጠኝ ነበር። ብዙ ነጠላ፣ ብዙ ጋቢ ለሰው ሠርግና ለሰው ክርስትና ሲሠራ እኔ በድምፁ ላይ ሮጬበታለሁ።

አንድ ማለዳ፣ ገና ጨለማው ሳይገፍ፣ የአብዮት ጥበቃዎች "ቁም!" አሉኝ። በዚያ ዘመን በዚያ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ተሰርቋል። ጋቢ የተከናነበው ሽማግሌ ጠባቂ ባትሪውን ፊቴ ላይ አብርቶ፣ "ማን እያባረረህ ነው?" አለኝ። "ማንም" አልኩ። "ታዲያ ማንን እያባረርክ ነው?" "ማንንም፣ አባባ።" ሽማግሌው ባትሪውን ወደ እግሬ አወረደና፣ የተጣፈውን ሸራ ጫማዬን አይቶ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከጋቢው ውስጥ ሆኖ "ማርሽ ቀይር!" ይለኛል፤ እኔም ማርሽ የምቀይርበት ጉልበት ባይኖረኝም ለአክብሮቱ ስል እስኪሰወር ድረስ ፈጠን እላለሁ።

ስለዚያ ጫማ ሳላወራ ባልፍ ደግሞ ቅር ይለዋል። ነጭ የነበረ፣ በኋላ የአፈር መልክ የያዘ ሸራ ነው። ሶሉ ሲያልቅ ስድስት ኪሎ ያለው ሊስትሮ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጦ ከሥር ሰፋበት፤ እሱም ሲያልቅ በላዩ ሌላ። በመጨረሻ ከሸራው ጎማው በዝቶ ስረግጥ ጧ፣ ጧ ይል ነበር። ሊስትሮው ሥራውን ሲጨርስ ጫማውን ጆሮው አጠገብ አድርጎ በጣቱ ይመታውና፣ "አሁን እንጦጦን ይችላል" ይለኛል። እንጦጦን የሚችለው ጫማው እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ሁለታችንም አምነን ነበር።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው ቁስቋም ስደርስ ኪዳን ይደረሳል። ቆሜ ልሳለም ብል ላቤ ይደርቅብኛል፤ ስለዚህ እየሮጥኩ አማትባለሁ። ዕጣኑ እስከ መንገዱ ይወርዳል፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ በባህር ዛፍ ቅጠል የሚጋገር የእንጀራ ምጣድ ጭስ ይቀበላል። ከዚያ በላይ ጫካው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ተራራውን ያለበሱት ባህር ዛፍ ጠል ሲያርፍበት የሚሰጠውን ሽታ፣ አፍንጫን ከፍቶ እስከ ሳንባ ሥር የሚወርደውን፣ ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ስረግጠው ከሥሬ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ቀጋው በበሰለ ጊዜ ደግሞ ሲወርዱ ጥቂት ለቅሞ ኪስ ውስጥ መክተት ነበር፤ እሾሁ እጅ ቢቧጭርም ለታናሽ እህቴ የማመጣላት ሌላ ስጦታ አልነበረኝም።

እንጨት ተሸካሚ እናቶችን የማገኛቸው በዚያ ነው። እኔ ስወጣ እነሱ የባህር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ይወርዳሉ። ወገባቸው ጎብጦ፣ ሸክሙ ከግራና ቀኝ ተንዠርጎ መንገዱን ስለሚሞላው፣ ከሩቅ የሚታየው ሴትዮዋ ሳትሆን የሚራመድ ቁጥቋጦ ነው። ከእነሱ የተማርኩት ሕግ አለ፤ ሸክም ለያዘ መንገድ ይለቀቃል። ከዳር ቆሜ አሳልፋቸዋለሁ፤ "እግዜር ይስጥህ ልጄ" እያሉ ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አስደግፈው እያረፉ፣ ከሥር አንጋጠው አዩኝና፣ "ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው በየቀኑ የምትሮጠው?" አሉኝ። በልጅ አፌ "ምንም አልጠፋኝም፣ እማማ" ብዬ አለፍኩ። እሳቸው ለእንጀራ በሚወጡበት ዳገት ላይ እኔ ለደስታ እወጣ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ስጎለምስ ነው። ካወቅኩ ወዲህም ዳገቷን ሳስብ የማስቀድመው የእሳቸውን እግር ነው።

የርቀት ሩጫ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጠላት ነው። ደረት ይቃጠላል፣ ጉልበት ይከዳል፣ አእምሮም "ተመለስ፣ ብርድ ልብሱ ገና አልቀዘቀዘም" እያለ ይለምናል። ከተማችን በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ጥቂት ነው። ሰውነት ሲለምደው ግን ደሙን ያወፍራል፣ የጥቂቱን አየር ጥቅም ያበዛል፤ እዚህ ተወልዶ እዚህ የሮጠ እግር ወደ ቆላው ወርዶ ሲሮጥ የሚቀለውም በዚህ ነው ይላሉ የሙያው ሰዎች። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው ከሩብ ሰዓት በኋላ የሆነ በር እንደሚከፈት ነው። ያም በር መቀርቀሪያው ላምባ የጠጣ ይመስል ድምፅ ሳያሰማ ይከፈታል፤ ትንፋሽ ይረጋጋል፣ እግር የራሱን ሥራ ይዞ ይሄዳል፣ ሐሳብም ነፃ ይወጣል። ያኔ ከራሴ ጋር ወሬ እጀምራለሁ። የማባዣ ሰንጠረዡን በእርምጃ ልክ እደግመዋለሁ፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ዳገቱ ላይ፣ ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ ቁልቁለቱ ላይ ነው የገባኝ። ከወንድሜ ጋር የተጣላሁበትን ጉዳይ ስወጣ እከስሰዋለሁ፣ ስወርድ እታረቀዋለሁ። ቤት ስደርስ ወንድሜ ክስና ዕርቁን ሁለቱንም ሳያውቅ ተኝቶ ይጠብቀኛል።

አባቴ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። ሩጫዬን ካወቀ ቆይቶ ኖሮ፣ አንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ አብረን ስናስር እጁን ሳያነሳ፣ "አበበ ያሸነፈው በዛሬዋ ማታ ነው" አለኝ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያን ምሽት አባቴ ጎረምሳ ሆኖ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ችቦ ሲያበራ፣ በዚያው ሰዓት ሮም ላይ ጨለማ ወርዶ፣ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ግራና ቀኝ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ድንጋዩን ይረግጥ ነበር። "እኛ እዚህ ችቦ ይዘን፣ እነሱም እዚያ ችቦ ይዘው" አለ አባቴ፤ "ለካ ለአንድ ሰው እያበራን ኖሯል።" ከዚያ በኋላ እንዲህ ሲያወራ አልሰማሁትም።

ስለዚያች ማታ በኋላ ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሮጡ መጥተው፣ ያኔ ሮም ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልታችን አቅራቢያ አበበ ጥሎት ሄደና ብቻውን ቀረ። እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ያለችውን ያቺን አጭር መንገድ በጨለማና በችቦ መሃል ብቻውን ሮጣት፤ ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይማ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ስታዲየም ገባ። ሌላው እስኪመጣ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ዓለም የሚያስታውሰው ወርቁን ነው። እኔ የማስታውሰው እነዚያን አራት ደቂቃዎች ነው። ሰባ ሺህ ሰው እያየውም ብቻውን ነበር፤ ከራሱ ጋር መሆንን የተማረ ሰው ስለሆነ ደግሞ አልተቸገረም።

እንዲህ ያለውን ብቻነት የሚያውቅ ሰው አገራችን ሞልቷታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ልጅ ሆኖ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤት ሲመላለስ ደብተሩን በግራ ብብቱ ይይዝ ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱ ያንን ደብተር አልጣለችም፣ ሲሮጥ ወደ ደረቱ ታጥፋ ትታይ ነበር። ያቺን ክንድ በቴሌቪዥን ሳይ ሜዳልያውን እረሳለሁ፤ የሚታየኝ በአርሲ ሜዳ ላይ ማንም ሳያጨበጭብለት የሚሮጠው ልጅ ነው።

እኔን እንኳ አንድ ጊዜ ከሰው ጋር አሮጠውኛል። የስፖርት አስተማሪያችን ማለዳ ላይ አይተውኝ ኖሮ ጃን ሜዳ ላይ ለተደረገ የትምህርት ቤቶች ውድድር አስመዘገቡኝ። ከብዙ ልጅ መሃል አሥራ ዘጠነኛ ወጣሁ። ሣሩ ጥሩ ነበር፣ ጭብጨባውም ጥሩ ነበር፤ ብቻ ከግራ ክርን፣ ከቀኝ ክርን፣ ከፊት ጀርባ ነው፤ ትንፋሼን ብፈልገው ከሌላው ትንፋሽ ጋር ተደባልቆ አጣሁት። ያው ቤታችን የገባሁ መሰለኝ። አስተማሪዬ አዝኜ መስሏቸው "አይዞህ፣ በሚቀጥለው" ሲሉኝ፣ እኔ በሆዴ ነገ ጠዋት ሸማኔዎቹን ስለማግኘቴ እያሰብኩ ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ብቻዬን መሆኔን እንዲህ ሳወድስላችሁ ቤቴን የሸሸሁ አይምሰላችሁ። ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ደርሼ ስዞር ከተማዋ ከታች በጭስ ተሸፍና ትተኛለች፤ ከየቤቱ ጣራ የሚወጣው ጭስ ተገናኝቶ እንደ አንድ ጋቢ አልብሷታል። ከዚያ ሁሉ ጭስ የእኛ ቤት የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ እምል ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ ከእኔ ይቀድማል። በሩ ላይ ስደርስ ታናሽ እህቴ ኪሴን ትፈትሻለች፣ ወንድሜ ካልሲዬን አድርጎ ይጠብቀኛል፣ እናቴ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ አስቀምጣ "ላብህን አድርቅ፣ ብርድ ይመታሃል" ትላለች። ትኩስ ቂጣ በበርበሬና በዘይት ተለውሶ፣ ሻዩ በጦስኝ ፈልቶ፣ ስምንት እጅ ያለበት ትሪ ላይ ዘጠነኛውን እጄን እሰድዳለሁ። ያቺ አንዲት ሰዓት እንዲያ የጣፈጠችኝ፣ ስመለስ እጄን የማስገባበት ትሪ ስለነበረ ነው። የሚጠብቀው የሌለ ሰው ብቻውን ቢሮጥ ወዴት ይመለሳል?

ሩጫውን ከጀመርኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሁን ከሦስት፣ ነሐሴ ላይ ዝናቡ አልቆም ብሎ መቀርቀሪያው ውኃ ጠጥቶ አበጠ። የቀባሁት ላምባ ታጥቦ አለቀ፤ ኩራዙም ውስጥ የተረፈ አልነበረም፤ ላምባ ጀሪካን ይዘው በሰልፍ ውለው የሚገዙት ነገር ነበር። ሦስት ጠዋት እንጨቱ እየጮኸ ቤቱን ረበሽኩ፤ አራተኛው ላይ ልተወው ወስኜ ተኛሁ። ግን ልማድ ነውና በሰዓቱ ነቃሁ። ተስቤ ወጣሁ፣ ግድግዳውን ዳስሼ በሩ ጋ ደረስኩ፣ ጥርሴን ነክሼ መቀርቀሪያውን ሳብኩት። ድምፅ የለም። ጣቴን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ ላምባ፣ ከማታ ጀምሮ የተቀባ፣ ገና እርጥብ። ዞር ብዬ አየሁ። አባቴ ያንኮራፋል። እናቴ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ የምትተኛው ግን ሁልጊዜ በዚያኛው ጎኗ ነበር። ምንም አላልኳት። እሷም አላለችኝም። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ መቀርቀሪያው አዲስ ላምባ ይሸት ነበር። ያቺን የብቻዬን መንገድ በላምባ ያወዛቻት ከቤታችን ሰው ሁሉ ሥራ የሚበዛባት፣ ለራሷ አንዲት ሰዓት እንኳ ያልነበራት ሴት መሆኗን ሳስብ ጉሮሮዬን ሳግ ይይዘዋል።

ዘመኑ ሄደ። ኩራዙ በአምፖል ተተካ፤ የጭቃው ቤት ፈርሶ እኛም ወደየአቅጣጫው ተበተንን፤ እናትና አባቴን በየተራ ሸኘናቸው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ላይ ታላቁ ሩጫ ተጀምሮ 10 ሺህ ሰው አደባባይ ሲወጣ፣ ያን የመጀመሪያውን ኃይሌ ሲያሸንፈው፣ እኔም ከኋላ ከሕዝቡ ጋር እየዘፈንኩ ሮጬ እንደ ሠርግ ተደስቻለሁ። እንጦጦ ላይም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያማረ ፓርክ ተሠርቷል፤ ወጣቶች በደማቅ ጫማ ሲሮጡበት ሳይ ደስ ይለኛል። አሜሪካ ያለው ልጄ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ነው የሚሮጠው። አንድ ቀን በስልክ፣ "አባዬ፣ አንተ ያኔ ስትሮጥ ምን ታዳምጥ ነበር?" አለኝ። "ሸማኔዎቹን" አልኩት። ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ፤ በስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ሰማሁት፤ ከሩጫ መመለሱ ነበር።

እኔ አሁን ጉልበቴ ስለማይፈቅድ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። የምኖርበት ግቢ ሦስት ቤተሰብ በአንድ በር የምንገባበት ነው። ከወራት በፊት ገና ጨለማ ሳለ የግቢው የብረት በር ሲንቋረር ሰማሁ፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም። በመስኮት ብቅ ብል የተከራዮቹ ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመት ይሆናታል። በሩን በሁለት እጇ እየያዘች፣ በጣት በጣቷ ቆማ፣ ድምፁን ለማፈን ትታገላለች። ከዚያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አይታ መንገዱን ተያያዘችው፤ ብቻዋን።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ የምታኖራትን የዘይት ጠርሙስ አነሳሁ። ግቢው ጭር ሲል ወጥቼ ከላይኛው ማጠፊያ ሦስት ጠብታ፣ ከታችኛው ሦስት ጠብታ አንጠባጠብኩ፤ በሩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረግኩት፤ ከመሸጎሪያውም ላይ ጨመርኩበት። ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ጎህ ሊቀድ ሲል ነቃሁና ጆሮዬን ጣልኩ። የበሩ ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ውጭ፣ ኮረኮንቹ ላይ፣ ቀላል እርምጃ ተሰማኝ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እኩል እየሆነ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ወደ ዳገቱ።